አርባ አንዱ የእርሳስ ቀኖች

ስሟን የሚያውቁት የሠራተኛ አስተዳደሩና ወንድሟ ብቻ ነበሩ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሁሉ «እትዬ ካርድ» ነበር የሚላት። በአሳንሰር ጥገና ድርጅቱ ምድር ቤት፣ የመንገደኛ ጫማ ብቻ በሚታይበት መስኮት ሥር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርድ ስትጽፍ፣ ካርድ ስታወጣና ካርድ ስትመልስ ኖራለች። ድርጅቱ የሚጠግናቸው አሳንሰሮች ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ አለው፤ ካርዶቹም ስምንት የብረት መሳቢያ ሞልተዋል። የትኛው ሕንፃ ላይ ገመድ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው በር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ዘበኛ ቁልፍ ደብቆ ሰው እንደሚያንገላታ ጠይቋት፤ መሳቢያውን ሳትነካ ትነግራችሁ ነበር።

መካኒኮቹ ሲያሾፉባት «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሏታል።

«ወረቀቱ እኔ ነኝ፤ ሞኝነቱን እናንተ ተካፈሉት» ትላቸዋለች።

ከመካኒኮቹ አንዱ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ስለዚህ እህቱም እናቱም እሷው ሆነች። ትዳር ሲመጣም «ቆይ፣ ይሄ ልጅ መጀመሪያ ራሱን ይቻል» እያለች ሳታስበው አለፋት። ልጁ ራሱን ችሎ፣ አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ፀጉሩ ሸበትበት ብሎም እሷ ጃኬቱን ሳትቆልፍለት ከቤት አይወጣም። ባልደረቦቹ ቅጥነቱንና አወጣጡን አይተው «ጦጣው» ይሉታል። እሱ እሷን «እታለም» ይላታል።

የድርጅቱ ሕግ ካርድ ላይ ባዶ ሣጥን አይፈቅድም ነበር። ወር ሲያልቅ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አሳንሰሩን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ የተቀየረበት ቀን አልተሞላም? መካኒኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ሸራው ከመጋዘን አልቆ ይሁን፣ ሕንፃው ተቆልፎ ይሁን፣ የሚጠይቅ የለም። ሦስት ደብዳቤ የተጻፈበት ይሰናበታል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ወንድሟ ሁለተኛው ደብዳቤ ሲደርሰው መላውን የዘየደችው እሷ ናት።

«ሸራው ሲመጣ ትመለሳለህ አይደል? እንግዲያው የምትመለስበትን ቀን በእርሳስ ጻፈው። ሠርተህ ስትመጣ በእስክሪብቶ ታጠቁረዋለህ።»

ተቆጣጣሪው ሣጥኑ መሙላቱን እንጂ በምን እንደተሞላ የሚያይ ዓይነት ሰው አልነበረም። ዘዴው ከወንድሟ ወደ ጓደኛው፣ ከጓደኛው ወደ ሁሉም ተዛመተ፤ በዓመቱ አሥራ አራቱም መካኒኮች በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ሰነፍ መካኒክም አልነበረም። በሌለ ሸራ ሰው ከሥራ አይባረርም ብላ ነው ያደረገችው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ዘዴው እንዲሠራ ያደረገችው ግን እሷ ራሷ ነበረች። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እርሳስ ያለባቸውን ካርዶች አውጥታ ትደረድርና ስልክ ታነሳለች።

«ያቺ የትምህርት ቢሮው እርሳስ አልጠቆረችም።»

«ነገ እትዬ።»

«ነገ ነገ እያልክ ከረምክ እኮ! ዛሬ ካልሄድክ እኔው መፍቻ ይዤ እወጣለሁ፤ ስወድቅ ታነሳኛለህ።»

ይሄዳሉ። ምላሷን ፈርተውም ይሁን አክብረዋት፣ ይሄዳሉ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም እርሳስ አምልጧት አያውቅም። ይህን ያመሰገናት አለቃ የለም፤ አለቆቹ መኖሩንም አያውቁም።

ከዚያ የመድን ድርጅቱ የጥገና መረጃችሁ በኮምፒውተር ካልተያዘ አንቀበልም አለ። ሥራ አስኪያጁ አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ አመጣ። ሃምሳን የተጠጋ፣ ዝግ ያለ፣ ከመመለሱ በፊት የሚያስብ ሰው ነው፤ ኢንጂነሩ እያሉ ይጠሩታል። ካርዶቹን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ምድር ቤት ከእሷ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዳታቤዝ ማለት ሰንጠረዥ ነው እትዬ» አላት። «አንዱ ሰንጠረዥ አሳንሰሮቹን ይይዛል፤ አንዱ መካኒኮቹን፤ አንዱ የተሠራውን ሥራ። ከዚያ በቁጥር እርስ በርስ ይተሳሰራሉ።»

«ታዲያ ይሄ መሳቢያ አይደለም እንዴ?»

«መሳቢያ ነው። አሥር ሰው ከአሥር ቦታ ባንዴ የሚከፍተው መሳቢያ።»

ሳቀች፤ ሰውየውንም ወደደችው። ሥራ አስኪያጁ ግን ኢንጂነሩ ያቀረባቸው ዳታቤዞች ሁሉ ያለ ክፍያ የሚወሰዱ መሆናቸውን ሲሰማ ፊቱን አጨፈገገ። «በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ይረባል? ነገ ጥለውን ቢጠፉ ማንን ይዘን እናለቅሳለን?»

«ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው» አለ ኢንጂነሩ። «አንዱ ቢተወው ሌላው ያነሳዋል። ይልቅ በፈቃድ የተገዛው ነው ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ እኛንም አብሮ የሚዘጋብን።»

ሦስት አማራጭ ነበር። አንደኛው ትንሽ ነው፤ መላው መረጃ አንዲት ፋይል ውስጥ ያድራል። ለአንድ ሰው ሥራ ግሩም ነው፤ አሥራ አራት መካኒክ ከየሕንፃው ባንዴ ሲጽፍበት ግን አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ተራ ይጠብቃል። እሱ ወደቀ። ለቀሩት ሁለቱ ስም ያወጣችላቸው እሷ ነበረች፤ ቻዩና ጥብቁ። ኢንጂነሩ ሁለቱንም ከፍቶ፣ ቻዩን ልል ባለ አሠራሩ ትቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሠላሳ ቀን ብቻ ባለው ወር ውስጥ ሠላሳ አንደኛ ቀን ጻፈባቸው። ቻዩ ዝም ብሎ ተቀበለና ዜሮ ዜሮ መዘገበ። ጥብቁ በቀይ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ መለሰው። በመዝገብ በሌለ አሳንሰር ላይ ጥገና ጻፈ፤ ጥብቁ አሁንም እምቢ አለ።

«ወላጁ ያልታወቀ ልጅ አልመዘግብም እያለ ነው?»

«ልክ እንደዚያ።»

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ!» አለች እጇን አጨብጭባ። እውነቷን ነበር ደስ ያላት። ሃያ ሁለት ዓመት ብቻዋን ስትጠብቀው የኖረችውን በር አብሯት የሚጠብቅ ያገኘች መሰላት። ኢንጂነሩ ቻዩም ደንቡ ሊጠብቅ እንደሚችል፣ ምርጫው የትኛው ደግ የትኛው ክፉ ነው የሚል እንዳልሆነ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ልቧ አንዴ ሄዷል። ሥራ አስኪያጁም «እትዬ ካርድ የመረጡትን እኔ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?» አለ። ጥብቁ ተመረጠ።

ለመጨረሻው ስብሰባ መካኒኮቹም ተጠሩ። ኢንጂነሩ ሰንጠረዦቹን ግድግዳ ላይ አብርቶ ሣጥን በሣጥን ይጠይቃል። የፍሬን ሸራ የተቀየረበት ቀን ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይሄ ቦታ ባዶ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም? ልብ በሉ፤ እዚህ ባዶ ማለት አልተሠራም ማለት አይደለም፣ ዜሮም አይደለም። አናውቅም ማለት ብቻ ነው። ከካርዶቹ ውስጥ በርግጠኝነት የማይታወቅ ቀን ካለ ዛሬ ንገሩኝ፤ ባዶ እንዲቀበል አድርጌ እሠራዋለሁ።»

«በእኛ ድርጅት ባዶ የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አለ እንዴ እትዬ?»

በዚያ ቀን መሳቢያዎቹ ውስጥ አርባ አንድ እርሳስ ነበር። አርባ አንዱንም ታውቃቸዋለች። አሥራ ሦስት ወንዶች ጠረጴዛውን ከበው ጥፍራቸውን ያያሉ። ወንድሟ ፊት ለፊቷ ነው፤ እሱ ጥፍሩን አላየም፣ እሷን ነው ያየው፤ ልጅ ሆኖ ጥፋት ሲያጠፋ እንደሚያያት። አለ ብትል የአሥራ ስድስት ዓመቱ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረገፍ ነው። ስንት ሰው ይባረራል? የእሱ ሦስተኛ ደብዳቤስ? ደግሞ እኔ አለሁ አይደል አለች በልቧ፤ እንደ ወትሮው እየደወልኩ አስጠቁራቸዋለሁ።

«የለም» አለች። «ሁሉም የታወቀ ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ኢንጂነሩ አንገቱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ሣጥን አለፈ።

ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ራሷ ናት፤ ሰባት ሳምንት ፈጀባት። የመጀመሪያው እርሳስ ላይ ስትደርስ ቀኑን ሳትሞላ ልታልፈው ሞከረች። ጥብቁ በቀይ መለሳት። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ መለሳት። ለአንድ አፍታ ኢንጂነሩን ልትጠራው ብድግ አለች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። የእርሳሱን ቀን ጻፈች። ያለ አንዳች ቃል ተቀበላት። ቀን መሆኑን እንጂ እውነት መሆኑን ከየት ይወቀው? እንዲህ እያለች አርባ አንዱንም አስገባች፤ ስክሪኑ ላይ እርሳስና እስክሪብቶ አንድ ቀለም ሆኑ።

ካርዶቹ ተቀዳደው ለወረቀት ፋብሪካ ተጫኑ። እሷን ወደ ላይ አውጥተው እንግዳ መቀበያ ላይ አስቀመጧት፤ «አረፉ» አሏት። ከዚያም ቢሆን ለሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ለመካኒኮቹ መደወሏን አልተወችም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ድምጿ ጆሮው ጥልቅ አለና መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ፣ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሰቅለን የተለያየ ከነገሩን ጊዜውን እንዴት እናውቀዋለን? ማስታወስ ከእንግዲህ የሲስተሙ ሥራ ነው። እባክዎ አያምታቱብኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ከአርባ አንዱ ውስጥ አምስቱ የወንድሟ ስለነበሩ እነሱን ብቻ ቤት ውስጥ ትጨቀጭቀው ጀመር። ሦስቱን ሠራ። ከዚያ ሸራ ከመጋዘን አለቀ፤ እስኪመጣ ብላ መጨቅጨቋን ተወች። ሸራው በአራት ወሩ ሲመጣ ሲስተሙን የሚያይበት የስልኩ ስክሪን ሁሉም ተሠርቷል ይለዋል፤ እሷም መቀበያው ላይ ለሌላ ሰው ፈገግ ማለት ሥራዋ ሆኖ፣ የሸራውን መምጣት አልሰማችም። አርባ ምናምን አሳንሰር የሚጠብቅ ሰው የቱን ሸራ መቼ እንደቀየረ በልቡ አይዝም። እስከዚያ ጊዜ የእሱ ልብ እሷ ነበረች።

ሲስተሙ ከተጀመረ በአሥር ወሩ ግድም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ አሳንሰሩ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በሩ አልዘጋ ብሎ ቆመ የሚል ስልክ መጣ። የተቀበለችው እሷ ነበረች፤ ፊቷ የተሰለፈውን እንግዳ እያስተናገደች፣ ሕንፃውን ልብ ሳትል ወደ ተረኛው መካኒክ አስተላለፈችው። ተረኛው ወንድሟ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ መካኒኩ አሳንሰሩ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የፍሬን ሸራውን ቀን ያያል፤ ሸራው ከዓመት ያለፈው ከሆነ መጀመሪያ ፍሬኑን በእጅ ይፈትናል። ወንድሟ ስልኩን ከፈተ። ሸራ ተቀይሯል፣ አሥር ወሩ፣ የቀየረው መካኒክ ራሱ። አረንጓዴ። ራሱን አመነና ወጣ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ባዶ አሳንሰር ፍሬኑ ሲከዳው ወደ ታች አይወድቅም፤ በሌላው ወገን የተንጠለጠለው ብረት ይከብደዋልና ወደ ላይ ነው የሚነጠቀው። ከስድስተኛ ፎቅ እስከ ጉድጓዱ ጣሪያ ድረስ ወሰደው። ሲያወጡት ሕይወቱ ነበረች። ከወገቡ በታች ያለው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ አልሆነም።

የምርመራ ቡድኑ ፍሬኑን ፈትቶ ሸራው እስከ ብረቱ ተበልቶ አገኘው። በአሥር ወር እንዲህ ሊያልቅ አይችልም። መዝገቡን አወጡ፤ ተቀይሯል ይላል፤ ከቀኑ አጠገብ የጦጣው ስም። መደምደሚያው አጭር ነበር፤ መካኒኩ ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ ብሎ አስመዝግቧል። ሥራ አስኪያጁ «መዝገባችን ንጹሕ ነው» እያለ ለመድን ድርጅቱ ቅጂ ላከ። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ወንድሟ ግድግዳውን እያየ ጠየቃት።

«እታለም፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«አንተ ነህ። በእርሳስ። ወደ ስክሪኑ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ከዚያ፣ ያለ ቁጣ፣ በእውነት ግራ እንደገባው ሰው፣ «ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?» አላት።

 ሥራ አስኪያጁ ከለከለኝ ማለት ይቻላል፤ አላለችም። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች፤ ነርሷ ወንበር አመጣችላት።

በሦስተኛው ቀን መካኒኮቹ ተሰብስበው ሊጠይቁት መጡ። ዋናው መካኒክ፣ ጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው፣ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እትዬ፣ ሆድ ይፍጀው። እሱ አንዴ ሆኗል። አሁን ብትናገሪ እሱ አይነሳ፤ የአሥራ ሦስት ሰው ጉሮሮ ነው የሚዘጋው።»

ወንድሟም ከአልጋው ሰምቷቸው «እኔ ላይ ይለቅ እታለም። ልጆች አሏቸው» አለ።

እሷ ግን መካኒኮቹን ተራ በተራ አየቻቸው። «የቀሩትን እርሳሶች አጥቁራችኋል?»

 አንዱ «ስልኩ እኮ አረንጓዴ ነው የሚለው» አለ። ሌላው በማግስቱ ሁለት አሳንሰር ላይ ሊወጣ ተመድቦ ነበር፤ የትኞቹ እንደሆኑ ሲነግራት አንደኛውን አወቀችው። ከአርባ አንዱ ነው።

በዚያው ከሰዓት ኢንጂነሩ ቢሮ ሄደች። ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ እርሳሱን፣ ደብዳቤውን፣ ስብሰባውን፣ የለም ያለችውን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት መሆኑን ታውቃለች፤ ይህንንም ነገረችው። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጋ ደውሎ በማግስቱ ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ አስነገረ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ መስመር ጻፈና ቁልፉን ተጫነ።

«አሁን ባዶ ይቀበላል» አላት። «ይንገሩኝ።»

ወረቀት አልያዘችም። የአሳንሰሮቹን ቁጥር፣ ሕንፃውን፣ የመካኒኩን ስም እያስከተለች ከቃሏ ጠራችለት። ሦስቱ ተሠርተዋልና፣ የወንድሟን የቀሩትን ሁለቱን ከሌሎቹ ጋር በተራቸው ጠራች። አንዳንዱ በዓመቱ ውስጥ ተሠርቶ ይሆናል፤ የቱ እንደተሠራ ግን አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። ሠላሳ ስምንተኛው ባዶ ሲሆን ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ከጀመሩ ገና ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ፈትሸው ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙን ሸራቸው አልቆ አገኟቸው። እሷ ግን ያን ጊዜ ከሥራ ተሰናብታ ቤቷ ነበረች፤ ዋናው መካኒክም ሰላም አይላትም ነበር።

ያን ከሰዓት ከቢሮው ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ያኔ በስብሰባው ቀን አለ ብዬ ብሆን፣ ይሄን ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይፈጅብዎት ነበር?»

ኢንጂነሩ መልሱን ሊያለዝብላት ቃል ፈለገ። አላገኘም።

«ምንም እትዬ» አለ። «ባዶ አይሁን የምትለዋን ደንብ አለመጻፍ ብቻ ነበር።»

አመሰገነችው። ቦርሳዋን አነሳችና ወደ ሆስፒታል ሄደች። ወንድሟ ራሱን ማገላበጥ አይችልም፤ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ በጎኑ የሚያዞረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰዓቱም ደርሶ ነበር።